የተቆጠረልኝ ሰባት ቤት

እማ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የእንጦጦ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ወገብሽስ በጠበሉ ሻል አለው? እኛ፣ አባባም ጭምር፣ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ለወጉ ነው። ስልክሽን ዘግተሽ ሱባኤ ስለገባሽ ይህን በእትዬ አሳየች እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እኔና ቢንያም ምራቃችንን የሰጠንበት ጥናት ትዝ ይልሻል? የአፍሪካን ሕዝቦች የዘር ምንጭ እናጠናለን ብለው ቀበና የመጡት። የአፍሪካን ሰው ያህል በዘሩ የተለያየ በዓለም የለም ሲሉን፣ እኔ ከሸዋ እሱ ከወላይታ፣ እኛማ ዋና ማስረጃ ነን ብለን ስቀን ነበር። ትናንት አጥኚዋ ደወለችልኝ። ተቆጥታለች ደግሞ! የማይዛመድ ሰው ብቻ ነው የፈለግነው፣ እህትና ወንድም መሆናችሁን ለምን ደበቃችሁን አለችኝ። ኧረ እባክሽ፣ የማገባው ሰው ነው አልኳት። ደግመን አይተነዋል፣ በእናት አይደለም፣ በአባት ነው አለች።

ጉድ በይ! የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ሕሩይ ዘር ሲያስቆጥሩ፣ ሸዋና ወላይታ ከየት ይገጥማል፣ እንዲያው ደንብ ሆኖብን ነው እንጂ ብለው ሽማግሌውን ሁሉ አሳቁት። አባባ ደረቱን ነፍቶ እስከ ሰባት ቤት ጠራልኝ። የቢንያም አባት ጋሽ ሀብተወልድም የራሳቸውን ጠሩ። አንቺ ራሴን አመመኝ ብለሽ ጓዳ ገባሽ። እማ፣ የማንን ቤት ነው የቆጠሩልኝ?

ሁሉም ሲመርቀን አንቺ ብቻ፣ የደቡብ ሰው ነው፣ አይሆንም ብለሽ አሻፈረኝ አልሽ። ዘረኛ ነሽ ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ዋጥሽው። በዚያ ስም መጠራት ተሻለሽ? አንዲት ቃል ብትተነፍሺልኝ ምን ነበረበት! አሁን እኮ ወድጄዋለሁ። እንዴት አድርጌ ነው የምተወው?

አባባ ዛሬ ጠዋት ድንኳን ሊከራይ መሪ ሰፈር ሄዷል። ልጄን ልድር ነው እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ነው የወጣው። ለእሱ አልናገርም፤ ከነገርኩት ምኑ ይተርፋል? ቢንያም ግን ማወቅ አለበት፣ አፌ እምቢ አለኝ። ጋሽ ሀብተወልድ ያውቁ ነበር ወይስ አንቺ ብቻ ነሽ? የዚህን መልስ ብቻ ላኪልኝ።

ጠበሉ ይማርሽ፣ ኪዳነምሕረት ትጠብቅሽ። ለእኔ አትጸልዪ፤ የሚለወጥ ነገር የለም።

ልጅሽ፣
የቢንያም እህት