የሰናፍጭ ቀለም ያላት ኮርሳ

ሜይ 4

ፖስታ ማደል፣ እንደ ወትሮው። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በእግር። ነፋስ። ጥግ ያለው ውሻ ዛሬ አልጮኸብኝም… ምን ነክቶት ይሆን?

ወይዘሮ ፕሩት በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ኖርዲስ፣ ዘንድሮም ያን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ… ትራያትሎኑን ትገቢያለሽ አሉ?»

«ተመዝግቤያለሁ።»

«ጎሽ! ካልሆነም ቫኑ ምቹ ነው ይባላል።»

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ጥጉን ስዞር ግን ሳቄ ጠፋ።

ያ ቫን… ባለፈው ኦገስት። ዋናውን ደህና ዋኝቼ ወጣሁ። ሩጫውንም አልፈራም፣ እንጀራዬ እግሬ ነው። ጉድ የሠራኝ መሐል ላይ ያለው ብስክሌት ነው። የባሌን የሌላንድን አሮጌ የተራራ ብስክሌት ይዤ ገባሁ፣ ጎማው ወፍራም፣ ክብደቱ የበር ያህል። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ብስክሌቱን ያልጨረሰ ከመንገድ ተነስቶ በቫን ይወሰዳል፣ ሕጉ ነው። ተነሳሁ። የቫኑ ሾፌር አቶ አርቪድ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ። «ልጄ፣ ሰዓቱ አለፈ» አሉኝ። ከዚያ የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ቫኑ ያለፈው ደግሞ እኔ ፖስታ በማድልበት መንገድ! ሰው ሁሉ ወንበር አውጥቶ ያጨበጭባል… ሁሉም አየኝ።

ዘንድሮ አልገባበትም። የመጨረሻዋም ልሁን፣ ግን በራሴ እግር።

ሜይ 11

ሌላንድ «ኮርሳ ሳይክል ግዢ እንግዲህ፣ ወጥ ቤት እንዳታስገቢው ብቻ» አለኝ።

ሜይ 15

ገዛሁ!

አብሮኝ ከሚዋኘው ከክሌተን። የጥርስ ሐኪሙ፣ ሦስት ብስክሌት ያለው። ሳይዋኝ ስለ ብስክሌት ያወራል፣ ሲዋኝ ብቻ ነው ዝም የሚለው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሪው ላይ በክርን ተደግፈው የሚተኙበት። እውነተኛ የትራያትሎን ብስክሌት።

«አይረዝምብኝም?» አልኩት።

«ትለምጂዋለሽ። ፈጣን ሳይክል ሰውን ፈጣን ያደርጋል።»

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ሌላንድ ይህን ደብተር ቢያገኝስ?

ሜይ 16

ወጥ ቤት ነው ያለው። ሌላንድ ቡናውን ይዞ ሁለቴ ዞረው። «ይሄ ሳይክል ነው ወይስ የጦር አውሮፕላን?»

ሜይ 24

እሑድ። ወደቅሁ። ያውም ቆሜ።

ጫማው ፔዳሉ ላይ ይቆለፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለው የቁም ምልክት ላይ ስደርስ ፍሬኑን ፍለጋ እጄን ዘረጋሁ፣ በክርኔ ተኝቼ ስለነበር ራቀኝ። እንደ ምንም ደርሼበት ቆምኩ፣ እግሬ መቆለፉን ግን ረሳሁ። ቀስ ብዬ… በጣም ቀስ ብዬ… ወደ ቀኝ። ምእመኑ ከቅዳሴ እየወጣ ነው። ስድስት ሰው አነሳኝ። ወይዘሮ ፕሩት አቧራዬን እያራገፉ፣ «ቫኑ ቢያንስ የደህንነት ቀበቶ አለው» አሉኝ።

ጉልበቴ ተልጧል። ኩራቴ ይብሳል።

ሜይ 31

አንገቴ አይዞርም።

ጁን 2

ፖስታ ስለይ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሁለቴ ደብዳቤ ከእጄ ወደቀ። ብስክሌቱ እንዳልሆነ ለራሴ እነግራለሁ። ማንን ነው የማታልለው? ልተወው ይሆን? ብተወው ማንም አይቀየመኝም። እኔ ግን እቀየማለሁ።

ጁን 6

ጥቁሩን እየገፋሁ ሬና ጋ ሄድኩ። ከብረታ ብረት ሱቁ ጀርባ ብስክሌት የምትጠግነዋ። «ምን ልሥራልሽ» አላለችም።

«የቱ ጋ ያምሻል?»

አንገቴን፣ መዳፌን፣ ወገቤን ነገርኳት። ጫማዬን አስወልቃ ግድግዳ ላይ አስደገፈችኝ፣ በእግሮቼ መሐል መጽሐፍ አስይዛ እስከ መሬት ለካች። ከዚያ ብስክሌቱን ለካችና ሳቀች።

«የማን ነበር?»

«የክሌተን።»

«የክሌተንን ሱሪ ለብሰሽ ትሮጫለሽ?»

ክሌተን ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል።

ከጓዳ አንድ ያገለገለች ኮርሳ አወጣች። በሁለት ቁጥር የምታንስ፣ መሪዋ ተራ፣ ፍሬኗ እጅ ሥር። ቀለሟ ግን! ሆት ዶግ ላይ የሚፈስ ቢጫ ሰናፍጭ።

«ጥቁር የለም?»

«ጥቁርማ አለ። ባንቺ ልክ ነው የሌለው።»

መኪና ማቆሚያውን አንድ ዙር ዞርኩ። ፍሬኑን ሳልፈልግ እጄ እላዩ ላይ ነው። ሁለተኛ ዙር። አንገቴ ዝም አለ። ሦስተኛ… ሬና ወጥታ «ኧረ መልሽልኝ!» እስክትል።

ግን አልገዛሁም። በዚያች ቀለም በእነዚያ ሁሉ ጥቋቁሮች መሐል ልቁም? ክሌተን ምን ይላል?

ጁን 7

ለሌላንድ ነገርኩት። ቶስቱ ላይ ቅቤ እየቀባ ነበር።

«የሥራ ጫማሽን ስትገዢ ቀለሙን አይተሽ ነው?»

«እብድ ነኝ? እግሬን አይቼ ነው።»

 ቅቤውን መቀባቱን ቀጠለ።

ጁን 9

ሰናፍጯ ወጥ ቤት ናት። ክሌተን ጥቁሩን መልሶ ወሰደ። «ትቆጪበታለሽ» ብሎኛል።

ጁን 28

ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ጣቶቼ አልደነዘዙም። ቁልቁለቱ ላይ ዘፈንኩ። ሰው አልነበረም፣ ላሞች ብቻ።

ጁላይ 19

ያልጠበቅሁት ነገር… ደስ ይለኛል። ሥልጠናው ማለቴ ነው። ከሥራ ስወጣ እንኳን እግሬ እሷን ይፈልጋል።

ኦገስት 8

ነገ ነው። ሌላንድ ሳንድዊች ሠራልኝ። የኦቾሎኒ ቅቤ ይሁን አልኩት። ቫኑን አየሁት፣ አጥበውታል።

ኦገስት 9

ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፍ።

ከሐይቁ ስወጣ ዓይኔ ጭጋግ ነው። መነጽሬ ብስክሌቱ ጋ ነው፣ ብስክሌቱን ለማግኘት ደግሞ መነጽር ያስፈልጋል! ሁለት መቶ ብስክሌት ተደርድሯል፣ ለእኔ አንድ ጥቁር አጥር ነው። አጥሩ መሐል ግን አንድ ቢጫ ጠብታ። ቀጥ ብዬ ወደ እሷ ሮጥኩ። ክሌተን በረድፎቹ መሐል ወዲያ ወዲህ እያለ የራሱን ጥቁር ይፈልጋል። ሄልሜቴን አሠርኩ፣ ወጣሁ። ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ «ሰናፍጭ!» ብሎ እየጮኸ አለፈኝ። በሳቅ ልወድቅ ነበር።

ከዚያ ሌሎቹም አለፉኝ። ዳገቱ ላይ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ… አውቀዋለሁ። ዞር አላልኩም። ማርሹን አቀለልኩና እጄን መሪው ላይ አሳርፌ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ድምፁ ራቀ።

ሰናፍጯን መልሼ ማቆሚያው ላይ ስሰቅል ሰዓቱ አራት ከሃያ አንድ። ዘጠኝ ደቂቃ ተረፈኝ! እዚያው አለቀስኩ፣ ጫማ እየቀየርኩ።

ሩጫው በመንገዴ ነው። ወይዘሮ ፕሩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ስለ ቫኑ ሊሉ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ኖርዲስ! ፖስታዬስ?»

«ሰኞ!»

መንገዱ ሙሉ አጨበጨበ።

ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ሌላንድ አቀፈኝ። ሳንድዊቼን ተቀብዬ ቫኑን ፍለጋ ሄድኩ። አቶ አርቪድ በሩን ከፍተው፣ የራሳቸው ምሳ ጉልበታቸው ላይ ሳይፈታ ተቀምጠዋል።

«ዘንድሮ ማንም አልገባልኝም» አሉ። «ብቻዬን ልበላ ነው።»

የእኔን ሳንድዊች ለሁለት ከፈልኩ። ጠጋ አሉልኝ። ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፣ እግሬን በበሩ ወደ ውጭ አንጠልጥዬ።

ለካስ ወንበሩ እውነትም ምቹ ነው።