ረቡዕ ዕለት ያስተናገድኳቸው እንግዶች

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

በእናቴ ስም ለጠራሁሽ ልጄ ለአምሳለ ገበያው
ጅማ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ሳልሽ ተወሽ ወይ? ጅማ ዝናቡ ቶሎ አያባራም ይላሉና ፀጉርሽ ሳይደርቅ እንዳትወጪ። እኔን ካልሽ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያመኛል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይተወኛል። እሱም እንደ መንግሥት ሠራተኛ በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል።

ያለፈው ሳምንት እሁድ ስትደውዪ ስልኩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዚያም ወዲህ ስትደውዪ አይቼ ነው ያላነሳሁት። «አባባ፣ ምን ብለሃቸው ነው?» ብለሽ ስታለቅሺ ምን ልመልስልሽ? እኔ በስልክ ሳወራ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሰማው፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አልችልበትም። ስለዚህ ጻፍኩት። የጎረቤታችን የባለሱቁ የጦይብ አማች ነገ አውቶቡስ ይዞ ወደ ጅማ ስለሚወርድ እሱ ያደርስልሻል። ጦይብማ «ልጄ በኮምፒውተር ይጻፍልህ» ብሎኝ ነበር። የቤቴን ጉዳይ በሰው እጅ አላጽፍም አልኩት። የኔ ጽሕፈት የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ ቢንጋደድም ቃሉ የኔው ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ለትምህርትሽ ድጋፍ ለማግኘት ያመለከትሽበት ማኅበር ሰዎች ቤታችንን ሊያዩ እንደሚመጡ ነግረሽኛል። «አባባ፣ ምንም እንዳታዘጋጅ፣ ቤቱን እንዳለ አሳያቸው፣ ኑሮህን እንዳለ ንገራቸው» ብለሽኛል። ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ግን አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሆቴል ያስተናገድኩ ሰው ነኝ። ሚኒስትሩንም የሚኒስትሩን ሹፌርም በአንድ ዓይነት ሳህን አብልቻለሁ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ተነግሮኝ ባዶ ቤት ውስጥ እጄን አጣጥፌ ልቁም? እናትሽ ጀማነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሳት ልጫር ብሎ የመጣ ጎረቤት እንኳ ሳይቀምስ አታስወጣም ነበር።

ከጦይብ ቤት ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ተዋስኩ። ሚስቱ ዙህራ ምንጣፏን ጨመረችልኝ፣ «ለጋሽ ገበያው እንግዳማ አዲሱ ነው የሚነጠፈው» ብላ። ከእድሩ ዕቃ ቤት ሳህንና ብርጭቆ አወጣሁ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ የጾም ፓስታ በሳልሳ ሠራሁ፣ ቲማቲሙን ከጠዋት ጀምሬ በትንሽ እሳት አበሰልኩት። ነጩን የሥራ ኮቴን ከሻንጣ አውጥቼ ተኩሼ ለበስኩ። አሁንም ልክክ ይልልኛል፣ እንዲያውም ሰፋ ብሎኛል።

ሁለት ሆነው መጡ። አንዷ ሄኒ የምትባል ልጅ ናት፣ አንቺን በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሌላው ሊካሳ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ ኧረ ተዉ፣ ማለቴ፣ እኛ እኮ ለሥራ ነው የመጣነው» አለች ልጅቷ ጠረጴዛውን አይታ።

«ሥራም በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ሊካሳ ግን የእናቱ ልጅ ነው፣ አልተግደረደረም። አንዱን ሳህን ጨርሶ ሲጨመርለትም እሱንም በላው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ፓስታ ሆቴል ገብቼ በልቼ አላውቅም» አለኝ።

«ሆቴል ነዋ የገባኸው» አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ልጅቷ ወረቀቷን አወጣች። «ቴሌቪዥኑ የእርስዎ ነው?»

«እቤቴ የተቀመጠ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«ልጅዎ ማመልከቻዋ ላይ አባቴ አቅም የለውም ብላ ነው የሞላችው።»

ይኼን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ልጅ ናት። ስለ አባቷ አቅም ምን ታውቃለች?» አልኩ።

«የሚረዳዎት ሰው አለ?»

«የምረዳው ሰው አለ ወይ በይኝ።»

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» አለችኝ። እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ልጄ፣ አባትሽን እንዲህ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋችና ሌላ ሳትጠይቅ ጻፈች። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

መሐል ላይ ጦይብ በር ላይ ብቅ አለ። «ገበያው፣ ያንን ነገር ንገራቸው እንጂ!»

«የቱን ነገር?»

«ኑሮህን ነዋ!»

«ኑሮዬ ይኸው ቀርቧል፣ ግባና ብላ» አልኩት። እሱ በዓይኑ ሶፋውን አሳየኝ። እኔ በዓይኔ በሩን አሳየሁት። ራሱን እየነቀነቀ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ስንጨርስ እስከ ባምቢስ ወርጄ ታክሲ አሳፈርኳቸው። ስመለስ ልጁን የዳረ ሰው መስዬ ነበር የምራመደው።

ከዚያ እሁድ አንቺ ደወልሽ። «የቤተሰቡ ኑሮ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ተብሎ ማመልከቻሽ ወደቀ አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት ባንቺ ነው። አቅም የለውም ብለሽ ስለጻፍሽ። ቀጥሎ በማኅበሩ ተናደድኩ። በልተው ጠጥተው መርቀውኝ ሄደው! ግን አንቺ እዚያ ላይ አላቆምሽም። «እንግዲያው ይኼን ሴሚስተር ጨርሼ ዊዝድሮው ሞልቼ ትምህርቱን አቋርጣለሁ። መስቀል ፍላወር ሰፈር ጓደኛዬ የምትሠራበት ሆቴል አስተናጋጅ ይፈልጋሉ» አልሽ። ስልኩን የዘጋሁት እዚያ ላይ ነው።

አምሳለ፣ ትሪ መሸከም ነውር ነው አልልም። በሱ ነው ያሳደግኩሽ። ነገር ግን የኔ ክንድ ለሁለታችንም ተሸክሞ ጨርሷል። ፋርማሲ ተማሪ ሆነሽ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ፎቶ የላክሽልኝ ቀን ለጦይብ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «በቤታችን ሁለተኛው ነጭ ኮት ይኼ ነው፣ ይኼኛው ግን ሂሳብ ይምጣ አይባልበትም» ነው ያልኩት።

በዚያው ቀን ማታ ሳይሆን ጀምበር ሳለች ሶፋውን ከጦይብ ጋር ተሸክመን ወደ ቤቱ መለስን። በር ላይ ስናሳርፈው ጉዳዩን ነገርኩት። ላቡን ጠረገና «ፓስታ ያቀረብክላቸው መሰለህ? ልጅህን ነው ያቀረብክላቸው። እነሱም በልተው ሄዱ» አለኝ። ከሱ ሱቅ ዳቦ መግዛት ተውኩ። ግን የዳቦ ነገር ሌላ ቦታ አልጥም አለኝና ተመለስኩ። እሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ዳቦውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከተናገረኝ ሁሉ የከፋብኝ ያ ነው።

ከደወልሽ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት በእግሬ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ሄድኩ፣ ቢሯቸው እዚያ ነው። ካዛንቺስን አሁን ብታዪው አታውቂውም። የጎረቤቶቻችን የነአታክልቲ ግቢ የነበረበት ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ ዳሩ በሙሉ መብራት ነው። መብራቱ ያምራል። በስሙ ጠርቼ «እንዴት አደርክ» የምለው ሰው ግን መንገዱን ጨርሼ አላገኘሁም።

ቢሮ ስገባ ሄኒ ቀድማ አየችኝ። «ውይ ጋሼ! ባለ ፓስታው!» አለች። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ቁጭ በሉ ስትለኝ አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ የማልናገረው መሰለኝ።

«ሶፋው የጦይብ ነው» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«ሶፋው። ቴሌቪዥኑም። ምንጣፉ የሚስቱ ነው። ሳህኑ የእድር ነው።»

ትንሽ አየችኝና «ፓስታውስ?» አለች።

«ፓስታው የኔ ነው» አልኳት።

ልትስቅ ብላ ነበር፣ አልሆነላትም፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ በቃ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። አሁን በእርስዎ ቃል ብቻ አይሰረዝም። ኑሮዎን የሚያውቁ የእድርዎ ሰዎች መስክረው ይፈርሙልዎ፣ እኛም ድጋሚ መጥተን እናያለን። ድጋሚው ግን አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋል።»

ወደ ሰፈር ተመለስኩ። እድርተኛው ፊት! እኔ እኮ እዚያ የድንኳኑ ኃላፊ ነኝ። ለቀስተኛው በላ አልበላ፣ ውሃ ደረሰ አልደረሰ ብዬ ስዞር የኖርኩ ሰው፣ ምን ብዬ ልቁም? ሳምንቱን ሙሉ ቀሚስ እንደጠፋባት ሙሽራ ስቁነጠነጥ ከረምኩ።

ከትናንት ወዲያ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ራቅ ወዳለ ሰፈር የተዛወሩትም በታክሲ እየተሳፈሩ መጥተዋል፣ አታክልቲም ነበር። ሊበተን ሲል ተነሳሁ። «ጎበዝ፣ አንድ ነገር አለኝ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጉተማ «ምነው፣ ሳህን ጠፋ እንዴ?» አለ። ሳቁ።

«ሳህን አልጠፋም። ልጄ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ድሃ ነው ብላችሁ መስክሩልኝ።»

ደግመው ሳቁ። ጉተማ «ቁጭ በል አንተ ሰው፣ በሰንበት አታስቀን!» አለኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየቀነሰ እየቀነሰ እስከ ኋላ ድረስ ሄዶ ጠፋ። ኮፍያዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጀማነሽን ስንቀብር እንኳ ሰው ፊት እንደዚያ አልቆምኩም።

አታክልቲ ነው የተነሳው። «ጋሽ ገበያው፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለኝ። «የምናውቅ እንዳይመስልዎት ስንጠነቀቅ ነው የኖርነው።»

ይኼን ከሰማሁ በኋላ ሌላው በደንብ አልተሰማኝም። የተፈለገው ጥቂት ፊርማ ነበር፣ እነሱ ወረቀቱ እስኪሞላ ፈረሙ። ጉተማ ባርኔጣውን አውልቆ ለመዋጮ ሰው መሐል ሊያዞር ሲል ግን «ባርኔጣህን ልበስ፣ የመሰከራችሁልኝ ይበቃል» አልኩት። ለበሰ። ያንን ያህል ይቅርልኝ፣ ልጄ፣ ሁሉንም አትውሰዱብኝ።

ሄኒ ወረቀቱን ተቀብላለች። ዓርብ ይመጣሉ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ምንም አልተዋስኩም። ምንም አላቀርብም ብዬ ምያለሁ። ግን ሻይ እንኳ ይከለከላል ወይ ብዬ ብጠይቃት «ሻይ ይቻላል ጋሼ፣ ያለ ሶፋ» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት።

የራሳችን ቴሌቪዥን እያለ ለምን የጦይብን ተዋስክ ትዪኝ ይሆናል። የኛ ጠጋኝ ጋ ነው። ላፕቶፕሽን በላክሁልሽ ሰሞን ነው የተበላሸው። ጠጋኙ ሰነፍ ነው፣ ዛሬ ነገ ይለኛል። የእናትሽ ቁምሳጥንም እሱው ጋ ነው። ለገና ስትመጪ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ድንገት እንዳትገቢብኝ።

እስከዚያው ዊዝድሮው የምትዪውን ወረቀት እጅሽ እንዳይነካው። ዓርብ ልጅቷ ያንን ጥያቄ ደግማ ትጠይቀኛለች፣ በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ ትለኛለች። አስቤበታለሁ። እንደ ጠየቀችኝ እውነቱን እነግራታለሁ፣ እሷም ትጽፈዋለች። ከእንግዲህ ስትደውዪ ስልኩን አነሳለሁ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ያንን ጥያቄ ግን አንቺ አትጠይቂኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያበላኋቸው ሰዎች «እግዜር ይስጥልን» እያሉኝ ተነስተዋል። እኔ ከዚያ ምርቃት ብዙም አልነካሁም፣ ተጠራቅሞ ተቀምጧል። ሁሉም ባንቺ ላይ ይደር። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፣ የእናትሽ ጸሎት ፈተና ክፍል ድረስ ይከተልሽ።

አባትሽ
ገበያው