የሳሊሃ ስምና የአንተ ክፍል

ለወንድሜ ለኢሳይያስ አንጁሎ፤ ባለህበት ሁሉ ሰላም ይብዛልህ።

እንዴት ነህ ወንድምዬ? ጤናህስ? ሱቁ እንዴት ይዞሃል? ብርዱ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ? ከአንተ ዘንድ የመጣው ባርኮት እንደነገረኝ ደቡብ አፍሪካ አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነው። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ብቻህን ነህ ወይስ አብሮህ የሚሆን ሰው አለ? እንዲህ በአንዴ ጥያቄ የማዘንብብህ፣ በስልክ ስጠይቅህ ሁሉንም "ደህና ነኝ" በምትል አንዲት ቃል ስለምትገላገለኝ ነው። ወረቀት ላይ ግን ማምለጫ የለህም፤ ተራ በተራ ትመልሳለህ።

እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ "ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም" ብሎ ያልፋል። እኔ እንደዚያ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ የጎደለ ነገር አለ፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። የዳሞታ ተራራ ከሰኔ ጀምሮ ጉሙን እንደተከናነበ ነው፤ ሶዶ ላይ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ሕልም ሆኗል። እማዬ ጋ፣ ዲምቱም ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። በቆሎው ያምራል፤ የጓሮው አቮካዶ ደግሞ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፍርቷል።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ሞክሬአለሁ። ገና ወሬውን ስጀምር ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል፤ ስለ ኳስ ስናወራ ግን ተቆራርጦ አያውቅም። እማዬ ስልኩን ከተቀበለችኝ ደግሞ ታስቃታለህ፤ እሷ ስትስቅ ሳይ እኔም ልናገር ያሰብኩትን እውጠዋለሁ። ስለዚህ ባርኮት ሲመለስ ይዞልህ እንዲሄድ በወረቀት አደረግኩት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመሥሪያ ቤቴ ልጀምር። ይህ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ታገሠኝ፤ ይገናኛል።

እንደምታውቀው የምሠራው የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ በእኔ እጅ ናቸው። ቦዲቲ፣ አረካና ዲምቱ ያሉት የቅርንጫፍ ሠራተኞቻችን ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ኮምፒውተር ለእነሱ መስኮት ብቻ ነው። በዚያ መስኮት አሻግረው ሶዶ እኔ ቢሮ ጥግ ወዳለው አንድ ትልቅ ማሽን ይገባሉ፤ ሰርቨር እንለዋለን። ሁሉም በየስሙ ነው የሚገባው፤ ቤቱ ግን አንድ ነው። የዘርና የማዳበሪያ ክፍፍሉን የሚመዘግቡበት ፕሮግራምም አንድ ፋይል ነበር፤ ሁሉም ያንኑ ነበር የሚከፍቱት።

ሐምሌ ላይ ለመኸር የመጣልን አዲስ የጤፍና የስንዴ ዘር በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። አስተካክዬ አዲስ አዘጋጀሁ። ሰኞ ክፍፍሉ ይጀመራል፤ ገበሬው ዝናቡ ሳያልፍበት መዝራት አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ልተካ ብል ማሽኑ እምቢ አለኝ። ፋይሉ በሰው ተይዟል ይላል። አንድ ሰው እንኳ ከፍቶት ካለ አይነካም።

በቴሌግራም ግሩፓችን "እባካችሁ ሁላችሁም ውጡልኝ" ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም "ወጥቻለሁ" አሉ። አንዱማ ተቆጥቶ፣ እሱ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ከምን ውስጥ ነው የሚወጣው ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር ሳየው ግን ለቅሶ ቤት ያለውም ሳይቀር ሁሉም ውስጥ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኮቱ ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ሲጫኑ የወጡ ይመስላቸዋል። የሚዘጋው መስኮቱ ብቻ ነው፤ ውስጥ የከፈቱት ሥራ እንደተከፈተ ይቀመጣል። በእውነት ለመውጣት ከውስጥ ሎግ ኦፍ ማድረግ አለባቸው። አፌ እስኪደርቅ ነግሬአቸዋለሁ። ግን አልፈርድባቸውም፤ ይህን ልማድ ያስተማራቸው መብራት ነው። ቦዲቲ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሶዶ ያለው ማሽን በጄኔሬተር ስለሚሠራ ግማሽ የጻፉት ስም እዚያው ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህን አንዱ አየ፤ ለሌላው ነገረ፤ ቀስ በቀስ ሎግ ኦፍ የሚያደርግ ሰው እንደ ሞኝ ይታይ ጀመር። "ቦታዬን ይጠብቅልኛል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይጠብቅላቸዋል። ግን በሩን በሌላው ላይ ቆልፎ ነው የሚጠብቅላቸው።

እየደወልኩ አንድ በአንድ አስወጣኋቸው። በመጨረሻ አንድ ስም ብቻ ቀረ፤ የቦዲቲዋ መዝጋቢያችን ሳሊሃ። ሳሊሃ ደግሞ አራስ ናት። ምጧ ሥራ ላይ እንዳለች ነው የጀመራት፤ የጀመረችውን ሳታስቀምጥ ኤክሷን ተጭና በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። እሷ ወልዳ ተኝታለች፤ ስሟ ግን እኔ ማሽን ላይ ቁጭ ብሏል።

አለቃዬ አቶ ጥጋቡ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይበርዳል። ከኋላዬ ቆመው፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? አስወጫት እንጂ! እሷ እቤቷ ገንፎዋን እየበላች ነው" አሉኝ። ማስወጣት እችላለሁ፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ያላስቀመጠችው ገጽ ላይ የገበሬዎች ስም አለ፤ በግድ ካስወጣኋት አብሮ ይጠፋል፤ ሰኞ እነዚያ ሰዎች ከሩቅ ቀበሌ መጥተው "ስማችሁ የለም" ሊባሉ ነው። ደግሞም ሰው ምጥ ይዞት የተወውን ሥራ ዞር ሲል ጠብቆ መድፋት ነውር መሰለኝ። አንዴ ልደውልላት አልኳቸው። አቶ ጥጋቡ ራሳቸውን ይዘው ማኪያቶ ሊጠጡ ወጡ።

ሳሊሃ ስልኩን ስታነሳ የሕፃኑ ለቅሶ አብሮ ይሰማ ነበር። ነገሩን ስነግራት ደነገጠች፤ እሷም እንደሌሎቹ "ወጥቻለሁ እኮ!" አለች፤ ቀጥላ ሳቀች። ልጇን ለእናቷ ሰጥታ በባሏ ላፕቶፕ ገባች። ግማሽ የጻፈችው የአንድ ገበሬ ስም እንደተወችው ጠበቃት። ሞላችው፤ ገጹን አስቀመጠችው፤ ከዚያ በራሷ እጅ ወጣች። ስሟ ከፊቴ ካለው ዝርዝር ላይ ሲነሳ እንባዬ መጣ። አዲሱ ፋይል ገባ፤ አቶ ጥጋቡ ተመልሰው መጥተው "በይ ጎበዝ" አሉኝ፤ እኔ ግን ስለምን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው የገባኝ። አንተን አስቤ ነው።

አንተም እንደዚያ ነው የሄድከው ኢሳይያስ። ሞያሌ ደርሰህ እንደምትመለስ ነግረኸን፣ ክፍልህን ቆልፈህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ። አልሰነባበትክም፤ ማንም አልመረቀህም። ክፍልህ እስከ ዛሬ እንደቆለፍከው ነው።

እማዬ ጥቅምት ላይ ወድቃ ዳሌዋ መሰበሩን፣ ኦቶና ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት መዳኗን ታውቃለህ። ያልነገርንህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ዋናው ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ቧንቧውም መጸዳጃውም ታች፣ ከአንተ ክፍል አጠገብ ነው። በዚህ ዝናብ ያ ቁልቁለት ምን እንደሚመስል አልነግርህም፤ ስንት ጊዜ ተንሸራተህበታል። እሷ በዱላ ነው የምትወርደው። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት አዳልጧት ስትሄድ የሙዙ ግንድ ነው ያስቀራት። ጭቃዋን እያራገፈች ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሐኪሟ ደግማ ከወደቀች መነሳቷን እንደሚጠራጠር ለብቻዬ ነግሮኛል።

ወደ አንተ ክፍል እናውርድሽ ስንላት እምቢ አለች። ልጄ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው ተኝቶ ሊያገኝ ነው ወይ ትላለች። ሶዶ ውሰጃት እንዳትለኝ፤ የተከራየሁት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ እሷም ደጇን ትታ አትሄድም። ባለፈው ሳምንት አጎታችን ማሞ ነገሩ አንገሽግሾት ጓጉንቸሩን ሊሰብር ድጅኖ ይዞ መጣ። እማዬ በወላይትኛ ያወረደችበትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ማሞ ድጅኖውን እዚያው ጥሎ ነው የሄደው። እኔም ከእሷ ጋር በሩ ላይ ቆምኩ። አቶ ጥጋቡን እምቢ ብዬ ማሞን እንዴት እሺ እላለሁ? ደግሞም በግድ በተከፈተ ቤት እማዬ አንድ ሌሊት አታድርም፤ ታውቃታለህ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ባርኮት አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ እንደሰነበተ ታውቃለህ፤ ሆዱ ነገር እንደማይቋጥርም ታውቃለህ። እዚያ ትዳር እንደመሠረትክ፣ ሴት ልጅ እንደወለዳችሁ፣ ልጅቷም መራመድ እንደጀመረች ነገረኝ። ከነገረኝ በኋላ አፉን ያዘ። አትቆጣው። ዲምቱ ውስጥ ሌሎችም ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እማዬ ብቻ ናት ያልሰማችው። መጀመሪያ ተቀየምኩህ፤ በጣም ተቀየምኩህ። አክስት ሆኜ ሳላውቅ መቅረቴ አንገበገበኝ። በኋላ ግን የገባኝ መሰለኝ። "ክፍሉን ክፈቱት" ብትል፣ እማዬ "ልጄ ቀረ" ብላ ትረዳዋለች ብለህ ፈራህ። ስለዚህ እመጣለሁም አልመጣምም አትልም፤ ነገሩን ኤክስ ተጭነህ ትተኸዋል። እሷም ቦታህን ትጠብቅልሃለች፤ በዚያ ጭቃ እየወረደች።

በመሥሪያ ቤታችን ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገርህ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የፕሮግራሙን የየራሱን ቅጂ ሰጠሁት፤ ጠዋት ሲገባ አዲሱ ራሱ ይመጣለታል። የገበሬው ስም ግን እንደ ድሮው አንድ ቦታ ነው፤ የሁሉም ነው። አሁን አንዱ ሳይወጣ ቢሄድ ሌላው በሩ ላይ አይቆምም። አቶ ጥጋቡ ይህን ድሮ ለምን አላደረግሽውም አሉኝ፤ ምስጋናቸው እንደዚህ ነው።

ለአንተም የምመኝልህ ይህንኑ ነው። እዚያ የራስህ ቤት ይኑርህ፤ ደስ ይበልህ። የአንጁሎ ልጅነትህ፣ የእማዬ የበኩር ልጅነትህ ግን እዚሁ ነው፤ ክፍሉ ስለተከፈተ ከዚያ ማንም አያወጣህም። ዕቃህን በገዛ እጄ አውጥቼ ሶዶ እኔ ጋ አስቀምጥልሃለሁ። ያንን የተቀደደ የኳስ ጫማህን እንኳ አልጥልብህም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሳይደርስ ደውልና ለእማዬ ራስህ ንገራት። በእኔ በኩል አትላክባት፤ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ ከአንተ አፍ ካልሰማች አታምንም። የምትመጣ ከሆነ መቼ እንደሆነ ንገራት። የማትመጣ ከሆነም ንገራት፤ ስለ ልጅህም ንገራት። ታለቅሳለች፤ አልደብቅህም። ታልቅስ ኢሳይያስ። ዳገት ለዳገት ስትጠብቅህ ከምትወድቅ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ታልቅስ። ቁልፉን ልፈልግ ብለህ አትድከም፤ የምንፈልገው ቃልህን ነው፤ ድጅኖውንማ ማሞ ትቶልናል።

ባርኮት የሚያመጣልህን ዳጣ ያዘጋጀችው እማዬ ናት፤ ቃሪያውን ስትፈጭ ዓይኗን አቃጥሏት "ለኢሳይያስ ነው፤ ያቃጥል" ስትል ነበር። ሲበርድህ ደረትህን ሸፍን ብላሃለች። ማሞ ድጅኖ ቢያነሳብህም ይወድሃል፤ ሰላም ይልሃል። ልጁ ሜላት ዘንድሮ ማትሪክ ተፈትናለች፤ ውጤት እየጠበቀች ስለሆነ ጸልይልኝ ትላለች። ሳሊሃ አታውቅህም፤ እኔ ግን ስለ አንተ ነግሬያታለሁና ሰላም በይልኝ ብላለች።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እህት እንዳላት ንገርልኝ። ልጅህን …………ንም ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባርኮት ስሟን ሊነግረኝ ሲል እንዳትነግረኝ ብዬ አፉን ይዤዋለሁ። ቦታውን ባዶ የተውኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ለእማዬ ንገራት፤ እኔ ከእሷ እሰማዋለሁ።

እህትህ ሩታ አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.