ሁሉም የተጠማበት ምሳ

ፈይዛዬ፣ እዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለውን የገደል ፎቶ ተይውና የትናንቱን ምሳ ልንገርሽ። እዚህ መካነ ሰላም አክስቴ መድና ጠርተውኝ፣ ከጠዋት ጀምረው የመቱትን አብሽ በትልቅ ኩባያ ሞልተው አጠገቤ አስቀመጡ። ኩባያውን ሳልነካ ስበላ አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ተጠየፍሽኝ?» አሉ። እኔና አንቺ ደሴ ላይ ስልክ የተደወለልን መስለን ከገበታ እየተነሳን የምንሸሸው ጥያቄ ነው። የምሸሽበት ስላጣሁ ነገርኳቸው፤ ክብደት ለመቀነስ ብዬ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አስቀንሻለሁ፤ ከምግብ ጋር ከጠጣሁ ያመኛል፤ በልቼ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለብኝ።

ብድግ አሉ። የሁሉንም ሰው ኩባያ ሰብስበው መስኮቱ ላይ ደረደሩና፣ «አብሽሪ፣ አብረን እንቆያለን» አሉ። ወጡ የሚያቃጥል ነበር። ባላቸው ሼህ ጀላል ስቅታ ይዟቸው እንኳ ውሃ አልጠየቁም። ሰዓቱ ሲደርስ አክስቴ የመጀመሪያውን ኩባያ ለእኔ አቀበሉኝ፤ ከዚያ ሁሉም ጠጣ።

ካርዱ ሊሞላብኝ ነው። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ከቀዶ ጥገናሽ ወዲህ ለብቻሽ እንደምትበዪ አውቃለሁ። ስመለስ ምሳ እኛ ቤት ነሽ፤ የሁላችንም ኩባያ መስኮቱ ላይ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ሩፋይዳ