ለድርጭት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ ከለከልኩት ቄጠማ

ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማኪኒ። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቷል፤ ነፋሱ ከደቡብ ነው። ይህ ሲጻፍ ባለቤቴ ተሻገር ከጎኔ ተቀምጧል፤ እንድተወው ሁለት ጊዜ መክሮኛል።

ለተከበሩ የሣር ምድር አእዋፍ ጥበቃ ክፍያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ ደብዳቤዎ እስከ ደረሰን ቀን ድረስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነበርን። ድርጭቶቹ እንዲፈለፍሉ ሣራችንን በክፍያ ሳናጭድ እንድንቆይ የተዋዋልነው የአምስት ዓመት ውል በሁለተኛ ዓመቱ መቋረጡን በሦስት መስመር ብቻ ስላስታወቁን፣ ጊዜያችንን ስለ ቆጠቡልን አመሰግናለሁ።

እርሻ የተማርኩት ዩለስ ከተማ እየኖርኩ፣ ኤርፖርት ወጥ ቤት ስሠራ፣ መንገደኛ ጥሎት ከሚሄደው ጋዜጣና ከዘር ከረጢት ጀርባ ነው። ስለዚህ ውልዎን ቃል በቃል ማመኔን እንደ አላዋቂነት ይቁጠሩልኝ። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. ውሉን ይዛ የመጣችው ሠራተኛዎ ሊና፣ እዚሁ ባዕድ አገር ያደገች የአገራችን ልጅ፣ «አንቲ፣ ጀስት እስከ ጁላይ አትጨዱት፤ ሶ ወፎቹ ይመጣሉ፤ ፕሮሚስ» አለችን። ወፎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። እኛን ባሰናበቱበት ሳምንት ሊናንም በኢሜይል ማሰናበትዎን ሰምቻለሁ። አድልዎ ስለማያውቁ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. በመሬታችን ዝቅተኛ ቦታ፣ ጅረቱ ዳር፣ ቄጠማ ይበቅላል። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ የሚያድሉት፣ ሁላችንም በራሳችን ላይ የምናስረው ቄጠማ የሚሄደው ከዚያ ነበር። ከፈረምኩ በኋላ ግን ቄጠማውንም እንዳያጭዱ ከለከልኩ። ከከተማው፣ ከሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ ማጭድ ይዛ የመጣችው የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ስርጉት ውሉን ሳሳያት ሳቀች፤ «ዓለምዬ፣ ለኖኅ ቄጠማ ያመጣችለት ወፍ ናት፤ ያንቺዋ ደግሞ ትከለክላለች?» ብላኝ ባዶ እጇን ተመለሰች። በዚያ ፋሲካ ምእመኑ በራሱ ላይ ያሰረው ከሱቅ የተገዛ የሽንኩርት ቅጠል ነበር፤ ስለ ጠረኑ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስርጉት ዘንድሮ ጭራሽ አልጠየቀችኝም፤ ስልኬንም አታነሳም። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ፊርማዬ ከፊርማዎ ጎን ስለ ነበረ ነው።

3. ሣሩ እስከ ወገቤ ደርሶ የተነሣሁት ፎቶ አሁንም በብሮሹርዎ ሽፋን ላይ አለ፤ ከሥሩም «የሚተማመኑ አጋሮች» ይላል። በደንብ ወጥቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

4. ድርቆሹን ካልሸጥን የመሬቱን ግብር መክፈል ስለማንችል፣ ተሻገር ለነገ አጫጅ ጠርቷል። ትናንት ሣሩ መካከል አሥራ ሁለት ነጭ እንቁላል የታቀፈች ድርጭት አገኘሁ። ውሉ መቋረጡን ለእርሷ የሚያስታውቀው የትኛው ክፍልዎ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ቃልዎን የሚያምን ሌላ ሰው እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ በሦስት መስመር የተሰናበትኩ፣ በብሮሹርዎ ላይ ግን እስካሁን በሥራ ላይ ያለሁ አክባሪዎ፣

ዓለምጌጥ ጉግሳ

ተጨማሪ፦ ረቡዕ። ደብዳቤው ሳይላክ አደረ። ትራክተሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ከድርጭቷ ጎጆ በየአቅጣጫው ሃያ እርምጃ ለክቼ አራት ችካል ተከልኩና የቀረውን አሳጨድኩ። ያቺ ቁራጭ መሬት ያለ ክፍያ በእኔ ቃል ብቻ ትቆያለች፤ ከእርስዎ አምስት ዓመት ሳትረዝም አትቀርም። ድርጭቷ ከትራክተሩ ድምፅ ሸሽታ በረረች፤ እስከ ሦስት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰችም። ከዚያ ወደ ጅረቱ ወርጄ አንድ እቅፍ ቄጠማ በማጭድ አጨድኩ፤ ሌክ ሃይላንድስ ድረስ መኪና ነድቼ የስርጉትን በር አንኳኳሁ። ፋሲካ ካለፈ ወር ሆኖታል። ቄጠማውን አየች፤ እኔን አየች።

«ኖኅም ብዙ ነው የጠበቀው፤ ግቢ» አለችኝ።

ገባሁ።