ከጎዳናው ማዶ የፈረሰው አጥር

ቡሪየን፣ ዋሽንግተን
ጥቅምት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? ወገብህን ያመመህ ነገር ተሻለህ? ሣህሊቱና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ በጌታ ቸርነት በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልፈለግኩም፤ ከዚህ ቤተሰብ በዚህ ሰሞን የወጣው ውሸት ይበቃል። ሰላምታዬን ያስቀደምኩት እማዬ «ሰው ሰላም ሳትሉ ነገር አትጀምሩ» እያለች ስላሳደገችን ነው። ይኸው ሰላም ብያለሁ፤ ነገሬን ልጀምር።

ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። ብደውል «ቆይ፣ እየነዳሁ ነው፣ መልሼ ኮል አደርግሻለሁ» ትለኛለህ። ደግሞም ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ ዛሬ እንዲባባ አልፈልግም።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገርህና እያወቅከው አንብብ። እናንተ ጋ ኮሎራዶ፣ የከተማዋ ሰዎች ፊት ስለ ባሌ ስለ ሥዩም የሰጠኸውን ቃል እንድታስተካክል እፈልጋለሁ። ይግባኙ የሚሰማው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያ ዝም ካልክ ሥዩም ያለ ፈቃድ የሠራ፣ ሰው ያታለለ ግንበኛ ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ሲያትል፣ ሶዶ የሚባለው ሰፈር ያለው ድርጅትም ቦታውን ለሌላ ይሰጥበታል። ያን ሥራ ስንት ዓመት እንደጠበቀው ታውቃለህ። የድሮ የጡብ ሕንፃዎችን መሬት መንቀጥቀጥ እንዳይጥላቸው የሚያጠናክሩት ሰዎች ናቸው፤ ሥዩምን የግንበኞቹ ኃላፊ ሊያደርጉት ነበር። የኮሎራዶውን ጉዳይ ሲሰሙ «ክሊር አድርገህ ና» አሉት። በምን ክሊር ያድርገው? ክሊር የሚያደርገው ያንተ አፍ ነው፤ አፍህ ደግሞ ተዘግቷል።

ነገሩን አልረሳኸውም። ግን ከእኔ ስትሰማው እንድታፍር ብዬ እደግምልሃለሁ።

ሰኔ ላይ የደወልከው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው። ረጅም የጡብ አጥር አለ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የድንጋይ ምሰሶ አለው፣ እንዳንተ አድርጎ የሚሠራልኝ አጣሁ አልከው። እሱ ገና ስምህን ስልኩ ላይ ሲያይ ከሶፋው ተነሥቶ ነው ያናገረህ። ወንድም ጋሼ፣ ኮሎራዶ ሆነህ አታየውም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ አንተን ቆሞ ነው የሚያናግርህ። የእርሱ ምዝገባ የዋሽንግተን መሆኑን ነገረህና እዚያ ችግር እንደሌለው ጠየቀህ። አንተም ሳቅ ብለህ «እዚህ ስቴቱ ለግንበኛ ላይሰንስ የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ በእኔ ካምፓኒ ስም ነው የምትሠራው፣ ዶንት ወሪ» አልከው። ስፒከር ላይ ነበርክ፤ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።

ስልኩን እንደዘጋ ያንተን ፈቃድ በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ተቆጣኝ። እሱ እኔን ተቆጥቶ አያውቅም። «ወንድምሽን ወረቀትዎን ያሳዩኝ ልበላቸው? አማቼን?» አለኝ። እኔም አፈርኩና ተውኩት። ፈረንጅ ቢሆን ገና በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቅህ ነበር፤ አይፈረድበትም። እኛ ግን የሚስትን ታላቅ ወንድም ወረቀት መጠየቅ ሌባ ነህ እንደማለት ነው የሚቆጠርብን። ይኸው አክብሮታችን የት እንዳደረሰን ተመልከት።

ሌላም አለ። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ግንበኛውን የሚመዘግበው ስቴቱ ነው። ሲያትል ሠራህ፣ ሾርላይን ሠራህ፣ እዚህ ቡሪየን ሠራህ፣ የግንባታው ምዝገባ ያው አንድ ነው። አገር ቤትም ያደግነው ትልቁ ትንሹን ሲያዝ እያየን ነው፤ ሚኒስቴሩ ዝም ያለውን ነገር ቀበሌ ምን አባቱ ይላል? ሥዩምም ስቴቱ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም ብሎ ሻንጣውን ይዞ መጣልህ። ውሃ ልኩንና ቱንቢውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ካዞላውን፣ ያን የሲሚንቶ ማንኪያውን፣ ኤርፖርት እንዳይቀሙት ቼክ ኢን አድርጎ።

በኋላ ለኮሎራዶዋ ከተማ ጽሕፈት ቤት ራሴ ደወልኩ። ያነሣችው ሴትዮ ትዕግሥተኛ ናት፤ ጌታ ይባርካት፣ ስጮህባት እንኳ አልዘጋችብኝም። እንደ ልጅ አስረዳችኝ። እዚያ ስቴቱ አይጠይቅም ማለት ማንም አይጠይቅም ማለት አይደለም። ስቴቱ ስለማይጠይቅ እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ይጠይቃል፤ ለብቻው ይፈትናል፣ ለብቻው ፈቃድ ይሰጣል። የአንዱ ከተማ ፈቃድ ሌላው ከተማ ውስጥ አይሠራም። ያንተ ድርጅት ሁለቱን ከተሞች ከሚለየው ጎዳና ወዲህ ፈቃድ አለው፤ ከጎዳናው ወዲያ የለውም። አጥሩ ደግሞ ወዲያ ነው።

አንድ ጎዳና፣ ወንድም ጋሼ! የአውቶቡሱ ፌርማታ ከዚህኛው ከተማ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቤት ከዚያኛው። ሥዩም በምን ይወቅ? ድንበሩ ላይ ኬላ የለ፣ ዘበኛ የለ። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ስንት ዓመት የኖርክበት ሰፈር ነው።

የከተማዋ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራ አቁም የሚል ቀይ ወረቀት ሲለጥፍበት የመጨረሻው ምሰሶ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰውየው አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በእጁ እየዳሰሰ ሄዶ ቆንጆ ሥራ ነው አለው አሉ። ቆንጆ ነው፣ ግን ፈቃድ የለውም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጣጣውን ስለፈራ ይፍረስልኝ አለ። ሥዩም የገነባውን በገዛ እጁ አፈረሰ። ጡቡን እንኳ አልሰበረም፤ አንድ በአንድ ፈልቅቆ፣ ሲሚንቶውን አራግፎ፣ ደርድሮለት መጣ። ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ? ስልክህ ጠፍቶ ነበር። ሥዩም «ጋሼ ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሳህን ነበር የያዝኩት፤ ሳህኑ አሁን የለም።

ከዚያ ችሎቱ መጣ። በቪዲዮ ነበር። እኔ ከኤርፖርት ሥራዬ አስፈቅጄ፣ የደንብ ልብሴን ሳላወልቅ፣ ካሜራው እንዳያየኝ ከሥዩም ጎን ፈንጠር ብዬ ተቀመጥኩ። ያንተ ስም በጥቁር ሳጥን ውስጥ ብቅ አለ። ካሜራህን ዘግተሃል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ወንድም ጋሼ ገባ፣ አሁን አለቀ አልኩ በልቤ።

ችሎቱን የምትመራው ሴትዮ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ፣ ላንተ ነው ወይ የሚሠራው ብላ ጠየቀችህ። አንተም በዚያ ስብከት በሚመስል ድምፅህ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ ሰውየውን አላውቀውም አልክ።

አላውቀውም።

አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ለሥዩም ተረጎመችለትና ያው ጥያቄ ለእሱ ቀረበለት፤ አንተስ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ ተባለ። እኔ እጄን ጨብጬ እጠብቃለሁ። እሱ አቀርቅሮ «ጋሼን አላውቃቸውም» አለ። አስተርጓሚዋ ሐበሻ ናት፤ ትንፋሿ ቀጥ ሲል ሰማሁ። ዕድሜው ይቅርና ፊቱ የማይታይ ሰው ጋሼ ሲባል ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች። ሥራዋ ነውና እንዳለው ተረጎመችው። እሱ አያውቀውም፣ ያ አያውቀውም፤ ሴትዮዋ በቃ ጻፈችው።

ልጃችን ሃሌሉያ ከትምህርት ቤት ስትገባ ስምህን ስክሪኑ ላይ አየች። «ኢዝ ዛት አንክል? ሃይ አንክል!» ብላ እጇን አውለበለበችልህ። ሥዩም ገና በሩ ላይ ሲያያት ነው የእኛን ድምፅ የዘጋው። መልሼ ልከፍተው እጄን ሰደድኩ፤ በዓይኑ ለመነኝ። ልጅቷ አንክል ለምን መልስ አልሰጠኝም እያለች እስካሁን ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

ከተዘጋ በኋላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ለምን እውነቱን አልተናገርክም አልኩት። እሱ ረጋ ብሎ፣ «ወንድምሽ አላውቀውም ካሉ እኔ አውቃቸዋለሁ ብዬ በሰው ፊት ውሸታም ላስብላቸው? ያለቻቸውንም ፈቃድ ይነጥቋቸዋል። ልጆች እኮ አላቸው» አለኝ። የእኛ ልጅስ ስለው የሃሌሉያን ቦርሳ አንሥቶ ወደ ክፍሏ ወሰደላት። ይኸውልህ፣ የማታውቀው ሰው ይህ ነው።

አለማወቅ ስትል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥዩም ሽማግሌ ሲልክ አባዬ ስላልነበረ የተቀመጥከው አንተ ነህ። «እህቴን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» ብለህ ሽማግሌዎቹን መለስካቸው። ዳግመኛ ቢመጡም መለስካቸው። አባቱን፣ አያቱን፣ የአያቱን አባት ጠየቅክ። ሐዋሳ ድረስ ለፓስተሩ ደውለህ መጠጥ ይቀምሳል ወይ፣ ቁጣ አለው ወይ አልክ። ሥራውን ልታይ የሚገነባው ሕንፃ ላይ ሳትነግረው ወጥተህ ግድግዳውን በመዳፍህ መታ መታ አደረግክ። ከዚያ ወዲያ ነው እሺ ያልከው። ከእኔ በፊት ሥዩምን ያወቅከው አንተ ነህ እኮ! እናቱ እንኳ የአንተን ያህል አልመረመረችውም።

ሣህሊቱን አትቆጣት፣ ግን ደውላልኝ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ነው ያወራችኝ። የዚያችን ከተማ ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀምጠህ ሁለቴም እንደወደቅክ ነገረችኝ። ሰው እንዳይሰማ አስምለሃት ኖሯል። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስሰማ ያዘንኩልህ መስሏት አለቀሰች። እኔ ግን ይበልጥ ነው የተናደድኩት። ፈተና መውደቅ ምን ነውር አለው? እኔ መንጃ ፈቃድ ስንቴ ወደቅኩ? ለሥዩም ብትነግረው አብሮህ ያጠና ነበር፤ ራሱ ተፈትኖም በራሱ ፈቃድ ይሠራልህ ነበር። አንተ ግን በታናሽ እህትህ ባል ፊት ወደቀ ከመባል ሰውየውን መካድ ቀለለህ።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ወንጌላዊ መልከጸዴቅ ነገሩን ሰምተው ጠሩኝ። ለጸሎት ተዪው፣ ወንድም ወንድም ነው አሉኝ። ጸልያለሁ አልኳቸው። ጸሎቱ አልቆ እኮ ነው የምጽፈው። ለእማዬም አልነገርኳትም። ሁልጊዜ በደወለች ቁጥር ሥዩምና አንተ ተገናኛችሁ ወይ፣ አብራችሁ ሠራችሁ ወይ ትላለች፤ ደስ ብሏት ነው የምትጠይቀው። አብረው ሠርተዋል እማዬ እላታለሁ። እኔንም ውሸታም አደረግከኝ።

አሁን ሥዩም ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። ሥራ ፈቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያልተሰበረ የጓሮ ደረጃ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ጋሼ አልደወሉም ወይ ይለኛል። አልደወሉም እለዋለሁ። አሟቸው እንዳይሆን ይላል።

ስለዚህ ለከተማዋ ጽሕፈት ቤት ደውል። አውቀዋለሁ፣ የእህቴ ባል ነው፣ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ በእኔ ካምፓኒ ስም ትሠራለህ ያልኩትም እኔ ነኝ በል። ሊቀጡህ ይችላሉ። ከጎዳናው ወዲህ ያለውንም ፈቃድህን ለጊዜው ይይዙብህ ይሆናል። እኔ የምልህ ይህ ያንተ ሸክም ነው፤ ሌላ ሰው ጫንቃ ላይ አታስቀምጠው። አንተ ብትቸገር ሥዩም ያለውን ሁሉ ይዞ እንደሚመጣልህ ታውቃለህ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ካልደወልክ ግን ሳትዘጋጅ እንዳትገኝ ልንገርህ። ለይግባኙ ቀን ስሜን በምስክርነት አስመዝግቤያለሁ። ሥዩም አያውቅም። እኔ ካሜራዬን ከፍቼ ነው የምቀመጠው። ሴትዮዋ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህን ጥቁር ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ብላ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስላት አስቤበት ጨርሻለሁ፤ አንተም እስከዚያ አስብበት።

ጌታ ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆቹን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልህ፣ ለሣህሊቱም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። እግዚአብሔር ልብህን ያራራልህ፤ እውነት ስትናገር የምታጣውንም እጥፍ አድርጎ ይመልስልህ።

የሥዩም ሚስት