የጋሽ ራቅበል የሕይወት ታሪክ፦ ለሁሉ ያስተማሩትን ክፍተት ራሳቸው ስለ ተነፈጉ ሰው

ሞተረኛው ሁሉ «ጋሽ ራቅበል» እያለ የሚጠራቸው የሞተር ብስክሌት አሠልጣኝ፣ ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከነዳጅ ማደያ ጀርባ ስለነበረች የእናታቸው ደንበኞች አዲሱ ልብሳችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ከሦስት ወንድሞቻቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉት ጋሽ ራቅበል፣ መጠጋጋትን የጠላሁት ያኔ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት በፖስታ ቤት ሞተረኛ መልእክተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በሥራው ላይ ሳሉ የልብ ወዳጃቸው የነበረው ባልደረባቸው የአውቶቡስ ጭራ ተጠግቶ ሲነዳ፣ አውቶቡሱ ድንገት ሲቆም ሕይወቱ አለፈ። መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ራቅበል የማንንም ጭራ ተጠግተው ነድተው አያውቁም፤ አንድ ቀን ብቻ ሲቀር። ያቺ አንድ ቀን ናት ዛሬ እዚህ ያሰባሰበችን።

በ1983 ዓ.ም. በአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከሥራ ሲገቡ «ዛሬም ሞተረኞችህ አልጋውን ሞልተውታል» ሲሏቸው፣ «የኔዎቹማ አይደሉም፤ የኔዎቹ ቤታቸው እራት እየበሉ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ፖስታ ቤቱን ለቀው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገቡ። ግቢው አሮጌ ጎማ የተደረደረበት አስፋልት ሲሆን፣ ጋሽ ራቅበል እዚያ ያስተማሩት ትምህርት ከማንም መጽሐፍ አልተቀዳም። «ከፊትህ ያለው ሞተር ምሰሶውን ሲያልፍ የእናትህን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ቀስ ብለህ ጥራ። ጠርተህ ሳትጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረስክ ተጠግተሃል፤ ራቅ በል!» ይሉ ነበር። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። የእናቱ ስም አጭር የሆነ ተማሪ እስከ ቅድመ አያቷ እንዲጠራ ይታዘዛል። መንገድ ላይ አፉን እያነቃነቀ የሚነዳ ሞተረኛ የታየ እንደሆነ፣ የጋሽ ራቅበል ተማሪ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር የእሑድ ሞተረኞች ማኅበርን መሠረቱ። በእሳቸው መሪነት አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ፣ በመካከላቸው የእናት ስም የሚያህል ክፍተት ትተው ነበር የሚነዱት። ጉድጓድ ቢመጣ መሸሻ፣ ውሻ ቢገባ መቆሚያ ነበራቸው። እሳቸው ፊት በመሩባቸው ዓመታት ከዚያ ማኅበር አንድም ሰው ባለቤታቸው በሚሠሩበት ክፍል አልተኛም።

ኋላ ዘመን ተለወጠ፤ ቪዲዮ መጣ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማኅበሩን የያዙት ሊቀመንበር፣ ሙያቸው የቤት ዕቃ ንግድ ሲሆን፣ «ግንብ» የሚሉትን አነዳድ አመጡ። ግንብ ማለት ሁለት ሁለት ሆኖ፣ መሪ ለመሪ ሊነካካ፣ የፊት ጎማ ከኋላ ጎማ ሊሳሳም ምንም ሳይቀረው ተጠጋግቶ መንዳት ነው። መኪና አይገባብንም፣ ስንታይ እናምራለን፣ አንድነታችንም ይታወቃል ተባለ። ጋሽ ራቅበል በስብሰባ ተነሥተው፣ የፊተኛው ከተሰናከለ የኋለኛው ወዴት ይሂድ ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ሳቅ ነበር። ከመሪነት አውርደው ወደ ኋላ አሰለፏቸው፤ ክፍተት ትተው ሲከተሉም «ጋሽ ራቅበል ለአውቶቡስ ቦታ ይዘዋል» እያሉ አፌዙባቸው። ለመሆኑ መዋደድ በጎማ መሳሳም የሚለካው ከመቼ ወዲህ ነው?

ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ ሠርግ ነበር። ማኅበሩ ሙሽሮቹን አጀበ፤ ቪዲዮ አንሺው ፊት ፊት በሚሄድ ፒክአፕ ላይ ተቀምጦ ይቀርጻል። ጋሽ ራቅበል እንደ ልማዳቸው ከኋላ ርቀው ሲመጡ እጀባው ቆመ። ሊቀመንበሩ ወደ እሳቸው ሄደው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አያሳፍሩን፤ የገዛ እህትዎ ልጅ ሠርግ ነው፤ ቪዲዮው ተበላሸ!» አሏቸው። እህታቸውም ከመኪና መስኮት ብቅ ብለው «በሞቴ ወንድሜ፣ ለዛሬ ብቻ» አሉ። ጋሽ ራቅበል የሄልሜታቸውን ማሰሪያ አጠበቁና ግንቡ መሀል ገቡ። እኒያ ሰው ዝናብና ዳገት ያልበገራቸው ነበሩ፤ ይሉኝታ ግን በገራቸው።

ከድልድዩ በፊት ባለው ኩርባ ላይ ውሻ መንገድ አቋረጠና ፒክአፑ ቆመ። የፊተኞቹ ፍሬን ያዙ፤ ጋሽ ራቅበልም ያዙ፣ ሞተራቸውም ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላቸው ያለው ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን በእሱና በእሳቸው መካከል አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም፤ በግራው ሞተር፣ በቀኙ የድንጋይ ጠርዝ። ገጫቸው፤ ከጠርዙ ጋር ተላተሙ። ሌሎች አራት ሰዎችም ተጎዱ። ውሻው ምንም አልሆነም።

ጋሽ ራቅበል፣ ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን ባገለገሉበት የአጥንት ክፍል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት «ልጁን አደራ፣ እንዳትወቅሱት፤ ፍሬን ይዟል፣ የሚቆምበት ግን አልሰጠነውም» ብለዋል። ያ ልጅ ዛሬ በክራንች መጥቶ ከአጥሩ ሥር ለብቻው ቆሟል። ቤተሰቡ ና፣ ከእኛ ጋር ቁም ይለዋል።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዳንዶች «ቀናቸው ደርሶ ነው» ሲሉ ተሰምተዋል። ቀናቸው አልደረሰም! የደረሰባቸው ከኋላ የመጣ ሞተር ነው፤ ያንን ያስጠጋው ደግሞ ሰው ነው። ለፈጣሪ የራሱን ተዉለት፤ የእኛን ጥፋት አናሸክመው። ይህን የጻፈችው ታላቅ ልጃቸው ናት፤ ለሐዘን ቤት ቁጣው በዛ የሚል ካለ እሷን ይቀየም።

ትናንት ሊቀመንበሩ ወደ ቤት መጥተው ሌላ ነገር ጠየቁ። አስከሬኑን በግንብ እናጅብ፣ ለክብራቸው፣ ቪዲዮ አንሺም ተዘጋጅቷል አሉ። ባለቤታቸው «ልጄ፣ አንድ ጊዜ አጅባችሁት ነበርኮ» ብለው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ራቅበል ውድ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ሦስት ወንድሞቻቸውን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንባቸው ያልደረቀ እህታቸውን፣ እንዲሁም ቁጥራቸው የማይታወቅ፣ በሕይወት ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አሁን ከበር ውጭ ሞተራችሁን አሰልፋችሁ ለምትጠብቁ ሁሉ የቤተሰቡ ቃል ይህ ነው። ቪዲዮ አንሺው ይመለስ። በግንብ መንዳት የፈለገ አውቶቡስ ይሳፈር፤ ቦታ ተይዞለታል። ልሸኛቸው የሚል ግን አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ሆኖ ይከተል፤ ከፊቱ ያለው ሞተር ምሰሶ ባለፈ ቁጥርም የእናቱን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ሳያቻኩል ይጥራ። እናቶቻችሁ ዛሬ ማታ ቤት ይጠብቋችኋል።

ፈጣሪ የጋሽ ራቅበልን ነፍስ ሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፍልን።